እናቴ ስትነሳ ጸሎቴ ተኛ

የውይይታችን ክር ስለረዘመ ዘግይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ከየት እንጀምር አላችሁ። ልክ ናችሁ። ሲጨንቅ ብቻ ስለ መጸለይ ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ ከመክፈቻው እስከ መልስ 30 ያለውን በራሴ አፍ ላውራችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን እዘለዋለሁ። የዘለልኩት ሰው እንዳይቀየመኝ።

መክፈቻው እንዲህ ነበር። አምና ጥቅምት ላይ እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አፏም ተሳሰረ። እኔ እስከዚያ ድረስ ጸሎቴ ማዕድ ላይ ማማተብ ነበር፣ እሱም ከራበኝ ይረሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ሆንኩ። ነጠላ አጣፍቼ ውዳሴ ማርያሙን፣ ከዚያ ዳዊቱን። ሆስፒታል ስሄድ መጽሐፉ መኪና ውስጥ ነው። ወረፋ ስጠብቅ እደግማለሁ። ስለትም ተሳልኩ፤ እናቴ በእግሯ ከቆመች ለሰፈራችን ገብርኤል ጥላ አስገባለሁ አልኩ።

ግንቦት ላይ ቆመች። ምርኩዝ ይዛ ግቢውን ዞረች፣ ቡናም ራሷ ካላፈላሁ አለች። ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ሰኔ ሄደ፣ ሐምሌ ሄደ፣ ፍልሰታም ገብታ ወጣች። መስከረም ላይ መኪናዬን ሳጸዳ ውዳሴ ማርያሙን ከወንበሩ ሥር አገኘሁት። መሐሉ ላይ የሆስፒታሉ የፓርኪንግ ደረሰኝ እንደ ምልክት ተሰክቶበታል። ቀኑ የግንቦት ነው። ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

ስለዚህ ጠየቅኩ። ሲጨንቀው ብቻ የሚጸልይ ሰው ጸሎቱ ጸሎት ነው ወይስ ድርድር? እናንተስ ሲመቻችሁ ትጸልያላችሁ?

መልስ 1 እና 2 እንኳን እናትህ ተነሳች የሚሉ ነበሩ። ሁለተኛው ወዲያው የራሱን ጥያቄ አስከተለ፤ አባቱም እንደዚሁ ሆነውበት ፊዚዮቴራፒ ስንት ጊዜ በሳምንት እንዳሠራን መጠየቁ ነበር። በውስጥ መስመር መለስኩለት።

መልስ 3 ጨዋ ሆኖ ወጋኝ። ሉቃስ 17ን አመጣ። አሥር ለምጻሞች ጮኸው ለመኑ፣ አሥሩም ነጹ፣ ተመልሶ ያመሰገነው አንድ ብቻ ነው። እሱም ሳምራዊ። አንተ ከዘጠኙ ወገን ነህ ማለቱ ነው፣ በትሕትና ጠቅልሎ። ኩም አልኩ።

መልስ 4 ደረሰልኝ። ጽሑፉን በደንብ አንብቡት አለች። ዘጠኙ የትም አልጠፉም፣ ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ የተባሉትን ነው እየፈጸሙ የነበሩት። ደግሞ ጌታ ዘጠኙ የት አሉ ብሎ ጠየቀ እንጂ ለምጻቸውን አልመለሰባቸውም። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼ እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። መልስ 3ም ቅሬታ ሳያሳይ በአውራ ጣት ምልክት ተቀበላት።

መልስ 5 ሜሪላንድ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። ሥራዋ ሆኖ በየሳምንቱ የኔን ዓይነት ሰው ታያለች። ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መዝሙር የሚያዳምጡ፣ ግድግዳ ተደግፈው የሚያማትቡ፣ በስንት ቋንቋ የሚለማመኑ። ሕመምተኛው ሲወጣ ደግሞ እነዚያው ሰዎች መኪናውን ማን ያምጣ ብለው ይጨቃጨቃሉ። እሷ በዚህ አትፈርድም። ሰው ሲጨንቀው ለማስመሰል ጊዜ ስለሌለው የጭንቅ ጸሎት እውነተኛ ነው ባይ ናት። የሚያሳስባት ሌላ ነው፤ እሷ ራሷ ለታማሚዎቿ ስትጸልይ ቆይታ ከፈረቃ ስትወጣ ስለ ራሷ የምትለው ቃል ታጣለች። መኪና ውስጥ ዝም ብላ ትቀመጣለች። እሱን እንደ ጸሎት ትቆጥረው እንደሆነ ጠየቀችን። ማንም አልመለሰላትም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

መልስ 6 የጻፉት አባት ቀሲስ መሆናቸውን ራሳቸው አልተናገሩም፣ ግን ልጄ ብለው ሲጀምሩ ሁላችንም አወቅን። ነገሩን ከስሜት አውጥተው ወደ ሥርዓት ወሰዱት። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ቆጠሩልን፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሁሉን ጠብቁ አላሉም። አንዷን ያዝ ነው ያሉኝ። ከዚያ ዳንኤልን አነሱ። ከንጉሡ በቀር ማንንም የለመነ አንበሳ ጉድጓድ ይጣል ተብሎ አዋጅ ወጣ። ዳንኤል አዋጁ እንደተጻፈ እያወቀ ቤቱ ገብቶ ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር በተከፈተው መስኮት በቀን ሦስት ጊዜ ጸለየ። እሳቸው የቆሙት ከዚያ በሚከተለው ላይ ነው፤ መጽሐፉ ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ ይላል። ያን ቀን አዲስ ነገር አልጀመረም። በደኅናው ቀን የለመደውን ነው የቀጠለው። ቅዳሴውንም ጠቀሱ። ጸሎተ አኮቴት የሚባለው የምስጋና ጸሎት ስለሸፈነን፣ ስለረዳን፣ ስለጠበቀን፣ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ብሎ ያመሰግናል። በዚያ ሳምንት የዳረም የቀበረም ሰው እዚያው ቆሞ ያንኑ ቃል ይሰማል።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ሰባት ወር የጸለይኩት ሁሉ ስጠኝ ነበር። ስጠኝ ሲያልቅ ወሬዬ አለቀ። ሌላ ቋንቋ አልተማርኩም ነበር ማለት ነው።

መልስ 7 ግን አልተዋጠለትም። ወጣት ይመስለኛል፣ አጻጻፉ ፈጣን ነው። በሰዓት የሚጸለይ ጸሎት ጥርስ እንደ መቦረሽ ነው፣ እግዚአብሔር ልብ ነው የሚፈልገው አለ። መልስ 8 በአንድ መስመር ጨረሰችው፤ ጥርስህን ካላመመህ አትቦርሽም ወይ ብላ። መልስ 9 እሱ ራሱ ነው። ሳቀ። ግማሹን ተቀብያለሁ አለና ሌላ ነገር ጨመረ። እንዴት ነህ ሲሉን ታመንም ዳንንም እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን። ደሞዝ ቢዘገይ፣ ቤት ኪራይ ቢጨምር፣ ተመስገን ነው። ምስጋናው አፋችን ላይ ሟሙቶ አልቋል ማለቱ ነው። ይህ ልጅ ቀልደኛ ይምሰል እንጂ ሞኝ አይደለም። እኔ ግን አያቴ ትዝ አለችኝ። ተመስገን ስትል ወደ ላይ ቀና ትል ነበር። በየቀኑ፣ በየሰላምታው።

መልስ 10 የወንጌል አማኝ የሆኑ ትልቅ ሰው ናቸው። የደርግን ጊዜ አነሱ። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ በየቤቱ አምስት ስድስት እየሆኑ በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር። ጫማ በር ላይ አይደረደርም፣ ጎረቤት ይቆጥራል። የሚመጡትም የሚሄዱትም አንድ አንድ እያሉ ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ምሳሌ ሰጡ። በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት፣ በ1983 ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። አሁን አዳራሹም ድምፅ ማጉያውም ሞልቶ የዚያን ጊዜዋን ጸሎት አጣኋት አሉ። ከልባቸው ነው የጻፉት፣ ያስታውቃል።

መልስ 11 ተቆጣ። ስደትን አታስናፍቁን አለ። በዚያው ዘመን የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳና ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። ቤተሰብ ሬሳ ሳያገኝ ዓመታት ቆጥሯል። ያኔ ጸሎት ይጣፍጥ ነበር ማለት ለተረፈ ሰው ይቀልላል ነው ነገሩ። የሱ አጎትም እስር ቤት ገብተው እምነታቸውን ይዘው ወጥተዋል፣ እንቅልፋቸውን ግን አልያዙም። በመልስ 12 ሽማግሌው ይቅርታ ጠየቁ። ክብደቱን አላቀለልኩትም፣ እኔም ታስሬያለሁ ብቻ አሉ። ስንት ዓመት እንደሆነ አልተናገሩም። ነገሩ እዚያ ላይ ረገበ።

መልስ 13 እና 14ን አታገኟቸውም። አንዱ የኦርቶዶክስ፣ አንዱ የጴንጤ ጸሎት ነው ጸሎት ብለው ጀምረው ነበር፣ አወያዩ አጠፋቸው። ደግ አደረገ።

አሁን ወደ መልስ 15 ልምጣ። ክሩ ከዚህ በፊት ሌላ ነበር፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ሆነ።

ሰውየው አባት ነው። ልጅ ሆኖ ዲቁና ተቀብሏል፣ ዳዊት ደጋሚ ነው። ሲመቸውም ሲጨንቀውም አላቋረጠም፤ ሥራ ሲገባ፣ ሲያገባ፣ ቤት ሲሠራ። ቀሲስ ያሉትን ሁሉ ያደረገ ሰው ነው ማለት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ ሞተች። ለሰባት ቀን ሰው ቤቱን ሞላው። በስምንተኛው ቀን ሌሊት እንደ ልማዱ ተነሳ፣ መጽሐፉን ገለጠ፣ አፉ አልከፈት አለ። እስከ ዛሬም አልተከፈተም። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል። ሁላችሁም ጭንቅ ሰውን ወደ ጸሎት እንደሚወስድ አድርጋችሁ ታወራላችሁ፣ እኔን ግን ወስዶ አስወጣኝ ነው ያለው። በመጨረሻም ምክር አልጠየቅኩም ብሎ ዘጋ።

እጄን በአፌ ጫንኩ። እኔ ስለ ፓርኪንግ ደረሰኝ ነው የጻፍኩት።

መልስ 16 ግን ዝም ማለት አልቻለም። እግዚአብሔር የሚወደውን ይፈትናል፣ ምናልባትም ንስሐ ያልገባህበት ነገር ይኖራል፣ ራስህን መርምር አለ። ያለው እንግዲህ ለዚያ አባት ነው።

ክሩ ነደደ። መልስ 17 ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ኢዮብን እስከ መጨረሻው አንብበው አለችው። ምዕራፍ 42 ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ኃጢአትህን ፈልግ ሲሉት በከረሙት ጓደኞቹ ላይ ነው። መልስ 18 ያን ያህል አልታገሰም። የተጠቀመውን ቃል እዚህ አልጽፈውም፣ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። መልስ 19 የ18ን አፍ ነቀፈ፣ የ16ንም ጭካኔ ነቀፈ፣ ሁለቱንም ያዘ። መልስ 20 ላይ 16 ተመልሶ ካስቀየምኩ ይቅርታ አለ። ያቺን ካስቀየምኩ የምትል ቃል እኔ አልወዳትም። ማስቀየምህማ ይታያል።

መልስ 21 ቀሲስ ናቸው። ምንም ነገር አላብራሩም፣ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። የኢዮብ ጓደኞች መልካም ያደረጉት ሰባት ቀን ከሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ ጊዜ ነው፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ያበላሹት አሉ። የኛም ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ዝም የሚለው አውቆ ነው። ሰው አፉ ሲያዝ ሌላው ስለ እሱ ይጸልያል፣ የዚያን ሰው ስም እኔ ቅዳሴ ላይ እይዛለሁ፣ የክርስትና ስሙን በውስጥ መስመር ይላክልኝ አሉ። ከዚያም መዝሙር 87ን እየው፣ ካልፈለግህ ተወው ብለው አለፉ። አብዛኞቹ የለቅሶ መዝሙሮች በጨለማ ጀምረው ወደ ተስፋ ይወጣሉ። ይህኛው አይወጣም። በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃሉም ጨለማ ነው። ያም ሆኖ አባቶች ከመጽሐፉ አላወጡትም፣ ከነጨለማው ይደገማል።

እዚህ ላይ አንድ አራሚ ባይመጣ ይገርመኝ ነበር። መልስ 22 መዝሙር 87 ስለ ጽዮን ነው፣ አባ ተሳስተዋል፣ 88 ነው ያለው አለ። ማንም አልተሳሳተም። መልስ 23 በትዕግሥት አስረዳች። የኛ ዳዊት ብሉይን ወደ ግሪክ የተረጎሙትን የሰባ ሊቃናትን አቆጣጠር ይከተላል፣ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን አንድ ላይ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አብዛኛው ቦታ ላይ በአንድ ይቀንሳል። ስለዚህ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው በኛ 22፣ በሌላው 23 ነው። በልዑል መጠጊያ የሚኖር በኛ 90፣ በሌላው 91። የስልክ መተግበሪያ አንዱን፣ የታተመው ሌላውን ሲል ነው ሰው የሚጣላው። ዳዊቱ መጨረሻ ላይ ጸሎተ ነቢያት እንዳለም አስታወሰችን። ልጅ አግኝታ የዘመረችው የሐና ጸሎትና ዓሣ ሆድ ውስጥ ያለው የዮናስ ጸሎት በአንድ ጥራዝ ይገኛሉ። መልስ 24 ደግሞ የትኛው መተግበሪያ ማስታወቂያ የለውም ብሎ ጠየቀ። ሰው ማለት እንዲህ ነው።

መልስ 25 ክሩን ወደ ቦታው መለሰችው። ስድስት ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ሠርታለች። ሻንጣዋ ውስጥ የነበረችውን ትንሽ ዳዊት አሠሪዎቿ እንዳያዩባት ፈርታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጓደኛዋ ሰጠቻት። ቁጥሩን አላውቅም፣ ቃሉን ነው የማውቀው አለች፤ በልዑል መጠጊያን እናቷ በቃል አስይዛታለች። ሰሃን ስታጥብ ውሃውን ከፍ አድርጋ ትለቅና ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ትደግመዋለች። ልጆቹን ስታስተኛ፣ ልብስ ስትተኩስ፣ ሌሊት ኩሽና ወለል ላይ ስትተኛ። አሁን ተመልሳ የራሷን ቁርስ ቤት ከፍታለች። ደጀ ሰላሙ ከበሯ መቶ እርምጃ አይሞላም፣ የቅዳሴው ድምፅ ምጣድ ላይ ሆና ይሰማታል። መጽሐፉም ትልቁ አላት። እና አትጸልይም። ነጻ ሆኜ ነው የተውኩት፣ ማንን ልክሰስ አለች። የኔን ጥያቄ ከኔ በተሻለ ጠየቀችው። አሁን የጀመረችው አንድ ነገር አለ፤ ሰሃን ማጠቢያ ሠራተኛ ቀጥራ ነበር፣ ማታ ማታ ግን የመጨረሻውን ሰሃን ራሷ ታጥባለች። ውሃውን ከፍ አድርጋ።

መልስ 26 እኔን ያዘ። ጥላውስ? ገባ ወይ? ብሎ። አየህ፣ ይህን ያህል ሰው ስለ ልብና ስለ ሥርዓት ሲያወራ አንድም ሰው ይህን አልጠየቀኝም ነበር። መክብብ ምዕራፍ 5ንም ጣል አደረገልኝ፤ ተስሎ ከማይፈጽም ባይሳል ይሻላል የሚለውን። አልገባም። እውነቱ ይህ ነው። ሰኔ ላይ ዋጋ ጠይቄ ነበር፣ ከጠበቅኩት በላይ ሆነብኝና ቀጣይ ወር አልኩ። የሚቀጥለው ወርም ቀጣይ ወር አለ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ጋለ።

መልስ 27 ገበያውን ያውቃል። መርካቶ ንዋየ ቅድሳት የሚሸጡባቸው ሱቆች የትኞቹ እንደሆኑ፣ በጥልፍ የተሠራውና ተራው እንዴት እንደሚለያዩ፣ እንዴት እንደምከራከር ሳይቀር ነገረኝ። መልስ 28 ተቃወመች። ቤተ ክርስቲያኑ ስንት ጥላ አለው፣ ገንዘቡን መታከሚያ ላጣ ሰው ስጥ አለች። ደግሞም ስለትን እንደ ውል አትየው ብላ ታኅሣሥ 19ን አነሳች። በዚያ ቀን ሰዉ ቁልቢ ድረስ የሚሄደው ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ከእሳት ስላወጣ ነው። ልጆቹ ግን ወደ እሳቱ ከመግባታቸው በፊት ለንጉሡ ያሉት አለ፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም። ባያድነንም የምትለዋን ስለት ውስጥ አስገብቶ የሚሳል ሰው አይቼ አላውቅም አለች። እኔም አላስገባሁም። እናቴ ባትነሳ ኖሮ ለገብርኤል ምን እል ነበር? ይህን እስከ ዛሬ አልመለስኩም። ጥላውን ግን አስገባለሁ። አፌ ብሏል። ለታማሚ መስጠት ከፈለግኩ ከሌላው ኪሴ ይሁን።

መልስ 29 ትናንት ማታ ገባ። የልጅቱ አባት ነው። ሦስት መስመር ነው የጻፈው። ለቀሲስ ስም ልኳል። 87ን በስልኩ አነበበው፣ ጨለማ የሚለው ላይ ሲደርስ አጠፋው። ጸለይኩ አላለም፣ አልጸለይኩምም አላለም። የስልኩ ፊደል ዓይኑን ስለሚያደክመው በትልቅ ፊደል የታተመ ዳዊት የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ አለ። የድሮውን ለሰው ሰጥቶታል።

መልስ 30 የኔ ነው። ቅዳሜ ለጥላው መርካቶ እሄዳለሁ፣ ሱቆቹ እዚያው ናቸው፣ ዳዊቱን እኔ ልግዛልህ፣ የት ላድርስልህ አልኩት። ቀይ ሽፋን ያለውንና ጥቁሩን ፎቶ አነሳልሃለሁ፣ አንተ ትመርጣለህ ብዬ ጨመርኩ። ዛሬ ሐሙስ ነው። አንብቦታል፣ ምልክቱ ይታያል። ገና አልመለሰልኝም።